የእኔ ቃል የሌለበት ቃለ ጉባኤ

የቀበሌያችን ምክር ቤት አባል ሆኜ የተመረጥኩ ዕለት፣ ገና ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ሳልቀመጥ፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ «ጸሐፊ እሷ ትሁን፣ ጽሕፈቷ ያምራል» አለ። ጽሕፈቴን አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። ጽሕፈቴን ተዉት፣ እኔን ራሴንም ከዚያ ቀን በፊት አይቶኝ አያውቅም። ሰብሳቢው «የሚደግፍ?» ሲሉ ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም ከሰው ጋር አወጣሁ። እጄን ሳላወርድ ደብተሩን አስታቀፉኝ።

ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልደብቅ? ከስንት ሰው መሀል እኔን የመረጡኝ መስሎኝ። እዚሁ ሱሉልታ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ስሠራ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ገና ልጅ ሆኜ ሥራ ስጀምር አለቃዬ የነበሩት ሰው ሁለት ነገር አስተምረውኛል። አንደኛው፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ጆሮና እጅ እንጂ አፍ የለውም። ሁለተኛው፣ ስብሰባው ሲያልቅ ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በታች የቀረውን ባዶ ቦታ በማስመሪያ ሰያፍ መስመር አስምሮ መዝጋት ነው፤ ኋላ አንዱ ተንኮለኛ ያልተባለ ነገር እንዳይጨምርበት። ሁለቱንም ሃይማኖት አድርጌ ያዝኳቸው።

የምንሰበሰብበት አዳራሽ መስኮቱ ወደ ሜዳው ነው። ሜዳውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥቅምት ላይ፣ ሣሩ ሳይታጨድ በፊት፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ መሬት ላይ ተኝቶ ያረፍዳል። ላሞቹ እግር የላቸውም፣ ጀርባቸው ብቻ ቀስ እያለ ይሄዳል። አንድ ቦታ ሰው ይጮኻል፣ ሰውየው ግን አይታይም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ሲመጣ ሣሩ ሁሉ ባንድ ላይ ያጎነብስና ባንድ ላይ ይነሣል። እዚያ መስኮት ሥር ተቀምጬ ስጽፍ አንድ የማይገባኝ ነገር ይደርስብኝ ነበር። እጄ ይጽፋል፣ እኔ የለሁም። ስለ ኮብልስቶን ያወራሉ፣ ስለ ቦይ ያወራሉ፣ ስለ ጸጥታ ያወራሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመጣ ይሆንብኛል። እኔ ያን ጊዜ ሜዳው ላይ ነኝ፣ ሣሩ እስከ ወገቤ ደርሶ፣ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ እሄዳለሁ። ማንም አይጠራኝም፣ ማንንም አልፈልግም። ተመልሼ ደብተሩን ሳየው ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደደገፈ፣ ማን እንደተቃወመ። «አንቺ እኮ ቴፕ ነሽ» ይሉኛል። እስቃለሁ። እንደ ሙገሳ ነበር የምሰማው፣ አይ እኔ!

ምክር ቤቱ ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበርን። አንዷ የሻይና የቆሎ ኃላፊ ናት። ሁለተኛዋ ከወረዳ እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ቆማ ትቀበላለች። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ማንም እንዲህ ሁኑ ብሎ ደንብ አላወጣም። እንዲሁ እንደ ውኃ ልካችንን ይዘን ተቀመጥን።

በዚያን ጊዜ በምኖርበት ግቢ አንዲት ልጅ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። ከወላይታ የመጣች ናት፣ ዋናው መንገድ ላይ ካሉት የውኃ ፋብሪካዎች በአንዱ ትሠራለች። ባሏ ዱከም የሕንፃ ሥራ ላይ ስለነበር በሁለት ሳምንት አንዴ እሑድ ይመጣል። ልብስ ስታጥብ መዝሙር ትዘምራለች፣ የቸርቿን መዝሙር፣ ግማሹን በቋንቋዋ። ቅዳሜ ጠዋት እሷ ስትዘምር እኔ አልጋዬ ላይ እንዳለሁ ነቅቼም ሳልነቃም እሰማታለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ የተኛሁበት ዘመን የለም። «እትዬ» ትለኛለች። እናቷ ሩቅ ስለሆነች ትንሽ እናት፣ ትንሽ ታላቅ እኅት አድርጋኝ ነበር።

ልጅቷ ሥራዋን ትወደዋለች። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት የሚለጥፈውን ማሽን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት፤ ሲበላሽ ድምፁን ሰምታ ምኑ እንደሆነ ታውቃለች። ከሷ በኋላ የገቡ ሁለት ወንዶች ነበሩ፣ ሥራውን ያስለመደቻቸው እሷ። ሁለቱም የሺፍት አለቃ ሆነዋል። «አንዱ እኮ እስካሁን ማሽኑን ሲፈራው ነው የሚያድረው፣ ማታ ስልክ ይደውልልኛል» ብላ ትስቃለች። ትስቃለች እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። እሷም ታውቀዋለች።

አረገዘች። ሆዷ ገፋ ሲል አንድ ማታ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ «እትዬ፣ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጁን የት አደርገዋለሁ?» አለችኝ። ፈቃዱ አራት ወር ነው፣ ከወሊድ በፊት ያለውን ጨምሮ። ከዚያ በኋላ ልጅ ይዞ ፋብሪካ መግባት የለም። ሞግዚት ልቅጠር ብትል ደመወዟ ለሞግዚቷ አይበቃም። ከሷ በፊት የወለደች ጓደኛዋ ፈቃዷ ካለቀ በኋላ አንድ ሳምንት ቀርታ ስትመለስ ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ አግኝታለች። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ጣቶቿን እየቆጠረች፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት አለች። መጋቢት ላይ ስትደርስ ጣቷን አጥፋ ያዘችው።

ከቀበሌው ቢሮ ጀርባ አንድ መጋዘን ነበር፣ የተሰበረ ወንበር የሚወረወርበት። መስኮት አለው፣ ፀሐይ ያገኛል፣ ግድግዳውም ብሎኬት ነው። በጥቅምት አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ስብሰባው ሊያልቅ «ልዩ ልዩ» የሚለው አጀንዳ ላይ ስንደርስ፣ ብዕሬን ይዤ ቀና አልኩ።  እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ከ«አቤት» እና ከ«እሺ» ሌላ አልተናገርኩም። መጋዘኑ ተጠርጎ የሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ ይሁን፣ ጠባቂ እናቶቹ ራሳቸው አዋጥተው ይቅጠሩ፣ ቀበሌው ክፍሉን ብቻ ይስጥ አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

 ከዚያ በዕድሜ ትልቁ አባላችን፣ ሁላችንም ኦቦ ብቻ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ፣ ፈገግ ብለው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይላል ያገሬ ሰው። በሉ እኛ እንጨርስላት፣ እጅ አውጡ» አሉ። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰብሳቢው «የሚደግፍ?» አሉ፣ ሁሉም እጅ ወጣ፣ አንድም አልቀረም። «ጸድቋል» አሉ። ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀብር ነበረብንና ኦቦ ተነሥተው ቶሎ ቶሎ መረቁ፤ እኛም «ሃ ታኡ፣ ሃ ታኡ»፣ ይሁን ይሁን፣ እያልን ጋቢና ጃኬት ለቃቀምን።

እዚህ ጋ ነው ጉዱ። እኔ ስናገር እጄ ቆሞ ነበር። መናገርና መጻፍ ባንዴ አይሆንልኝም። ሰዉ ለፊርማ ሲሰለፍ ደብተሩን አየሁት፤ የመጨረሻው የተጻፈው ስለ ቦይ ነው። የእኔ የለም። ሌላ ሰው ያነሣው ሐሳብ ቢሆን በር ላይ ቆሜ «ማንም አይውጣ፣ አንድ የቀረ አለ» እል ነበር፤ ብዬም አውቃለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን አፈርኩ። «እኔ ሐሳብ አቀረብኩ፣ ተደነቀልኝ፣ ጸደቀልኝ» ብዬ በራሴ እጅ ልጽፍ? ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ ሁሉም ሰምቷል፣ ሁሉም እጁን አውጥቷል፣ ምን ያስፈልጋል አልኩ። ማስመሪያዬን አውጥቼ ባዶውን ቦታ አሰመርኩና ዘጋሁት። ከዚያ ሁሉም ፈረሙ፣ እኔም ፈረምኩ፣ ወደ ቀብሩ ሄድን።

ማታ ለልጅቷ «ተፈቅዷል» አልኳት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችና «ጌታ ይባረክ» አለች። በማግሥቱ ፋብሪካው ውስጥ ያሉ ጓደኞቿ ሁሉ ሰምተው ነበር።

በኅዳር ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ፀጉሯ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ ነበር፤ ስትተኛ አንድ እጇን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። እኔ የራሴን ልጆች ሳሳድግ ሩጫ ላይ ነበርኩ፣ ሲተኙ አይቻቸው አላውቅም። ይህችን ግን ከሥራ ስመለስ ታቅፌ በር ላይ እቀመጣለሁ። የሜዳው ነፋስ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ እያፏጨ ይመጣል፣ ሩቅ የከባድ መኪና ድምፅ አለ፣ ወደ ጎጃም የሚሄደው። ሕፃኗ ክንዴ ላይ ትከብዳለች፣ ትቀላለች፣ እንደገና ትከብዳለች። አንዳንዴ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደያዝኩ፣ እኔ ራሴ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ይጠፋኛል። ታኅሣሥና ጥር እንደዚህ አለፉ፣ አንዱ ቀን ከአንዱ ሳይለይ።

በጥር መጨረሻ የድሮው ሰብሳቢ ወደ ሰንዳፋ ተዛወሩ። አዲስ ሰብሳቢ መጣ፣ ወጣት፣ የተማረ፣ ጨዋ። የመጋዘኑን ቁልፍ ልጠይቀው ገባሁ። «ውሳኔው የታለ?» አለኝ። «አለ፣ ባለፈው ጥቅምት ጸድቋል» አልኩት። ደብተሩን አወጣ። ገጹን ገለጠ። ያኔ ነው ማስመሪያዬ ትዝ ያለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ረስቼው ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን ረስቼዋለሁ። አእምሮዬ ውስጥ እንደተጻፈ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ፤ በቀይ ብዕር ርእሱን እንዳሰመርኩበት ሁሉ ይታየኝ ነበር።

«እዚህ የለም» አለ። «እንግዲህ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ይህን ለእርስዎ እኔ አልነግርም።» በክፋት አልነበረም የተናገረው። ገጹ ላይ ከቦዩ በታች ለአንድ ውሳኔ የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በማስመሪያ የተዘጋ። እንዴት ቀጥ ያለ መስመር ነው! ቆሜ አየሁት። መጋዘኑም ለወጣቶች የፑል ቤት ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦበታል አለኝ።

አባላቱን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አንዱ «ከወረዳ የመጣ መመሪያ መሰለኝ» አለ። ሌላው «ተብሎ ነበር፣ ግን ተወሰነ እንዴ?» አለ። ኦቦ ዘንድ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። «አካም ጂርቱ ኢንታላ ኮ፣ እንዴት ነሽ ልጄ» ብለው እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝ፣ እርጎ አቀረቡልኝ። «ተብሏል፣ ዱጋ ነው፣ እውነት ነው» አሉ። «ያነሡት የድሮው ሰብሳቢ ናቸው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ አስታውሳለሁ።»

«እኔ ነኝ ያነሣሁት፣ ኦቦ። እርስዎም ተረት ተርተውብኝ ነበር።»

«አንቺ?» አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው። «አንቺማ ትጽፊ ነበር።»

ለድሮው ሰብሳቢ ደወልኩ። «እንዴት ይረሳኛል፣ እኔ አይደለሁ እንዴ ያቀረብኩት?» አሉኝ። አልዋሹም። ያን ነው ያኔ ያልገባኝ። ስልኩን ዘግቼ እዚያው የመዝገብ ቤቴ ወንበር ላይ ብዙ ቆየሁ። ነገሩን በመጨረሻ የተናገረው የሳቸው አፍ ነው፤ «ጸድቋል» ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ በሰዎቹ ትዝታ ውስጥ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አጎንብሼ የምጽፍ ነኝ፣ ቀና ያልኩበት ደቂቃ የለም።

አንድ ከሰዓት ደብተሩ እጄ ላይ ነበር። ብዕሩም ያው ነው፣ ቀለሙም ያው፣ ጽሕፈቱም የእኔው። ከመስመሩ ዳርና ዳር ሁለት ዐረፍተ ነገር ይገባል። እውነት ነው የምጽፈው፣ ሁሉም እጁን ያወጣበት እውነት። ግን ከተፈረመ በኋላ ከጻፍኩት ሐሰተኛ እኔ ነኝ፤ ያ ተንኮለኛ ሰው የተባለው እኔ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ብዕሩን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። አልጻፍኩም። ከቅንነት ይሁን ከፍርሃት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጅቷ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። «ከፈቱት?» «ገና ነው።» አንድ ቀን ሕፃኗን እያጠባች «ሰዎቹ ካዱ፣ አይደል እትዬ? እግዚአብሔር ያያቸዋል» አለች። «ተይው እስቲ፣ አንድ ነገር ይሆናል» አልኳት። ካዱም አላልኩ፣ አልካዱም አላልኩ። እንዲያ እንድታምን ተውኳት። በሕይወቴ ብዙ ዝምታ ዝም ብያለሁ፣ እንደዚያኛው የሚያሳፍረኝ የለም።

በየካቲት አጋማሽ የየከተሞቹ ሴት የምክር ቤት አባላት ሰበታ ላይ ሥልጠና አለ ተባለና ሄድኩ። ከሱሉልታ ተነሥቼ፣ አዲስ አበባን ከላይ እስከ ታች አቋርጬ፣ በዓለም ገና አድርጌ። ሚኒባሱ መስኮት ላይ ጭንቅላቴን አስደግፌ ከተማው እንዳለ ሲያልፍ አየሁ፤ ጽድ፣ ፎቅ፣ አጥር፣ ባቡር፣ እንደገና አጥር፣ ከዚያ የሰበታ ፋብሪካዎች። የሺፍት ለውጥ ሰዓት ነበርና ሴቶች ሴቶች ብቻ ከበሩ ይፈሱ ነበር፣ አንድ ዓይነት ሻርፕ አድርገው፣ እንቅልፍ በዓይናቸው። ሁሏም የኔን ግቢ ልጅ መሰለችኝ። አንዷ ቀና ብላ በመስኮቱ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ ወዲያው ሚኒባሱ ጥሏት ሄደ።

አሠልጣኟ መጀመሪያ የጠየቀችው ምን መሰላችሁ? «በምክር ቤታችሁ ቃለ ጉባኤ የምትይዙ እስቲ እጅ አውጡ።» አዳራሹ ሙሉ እጅ ሆነ። እርስ በርስ ተያየን፣ ከዚያ ሳቅ። ሳቁ ግን አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። ሁላችንም ባንዴ ነው ያቆምነው።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከቡራዩ ነበረች፣ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ሂጃቧን በወርቃማ መርፌ ያያዘች፣ ቀልደኛ። ለምሳ ስንወጣ የእኔን ታሪክ ነገርኳት፣ ለማንም ያልተናገርኩትን። አላጽናናችኝም። «እኔ አንድ ቀን ብዕሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት» አለችኝ። «ታመምኩ አላልኩም፣ ሰበብ አልሰጠሁም። ዛሬ የምናገረው አለኝ፣ ሌላ ሰው ይጻፍ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስብሰባው ቆሞ ቀረ፣ ወላሂ። ከተማው የቆመ ነው የመሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንዱ ጻፈ። ጽሕፈቱ ባያምርም ይነበባል።»

የልጅቷ ፈቃድ መጋቢት ሁለተኛው ሰኞ ላይ ያልቃል። የመጨረሻው ስብሰባ ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ ነበር። ሁሉም ሲቀመጥ ደብተሩን ገለጥኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ከዚያ ብዕሩን ደብተሩ መሀል አስቀምጬ ወደ ጠረጴዛው መሀል ገፋሁት።

«ዛሬ አልጽፍም» አልኩ።

«አመመዎት እንዴ?» አለ ወጣቱ ሰብሳቢ።

«ደህና ነኝ። የምናገረው ስላለኝ ነው።»

«እየጻፉም መናገር ይችላሉ እኮ።»

«አልቻልኩበትም። አንዴ ሞክሬዋለሁ።»

 የቡራዩዋ ሴት እውነቷን ነው፣ ነገሩ ሁሉ ቆመ። አንዱ መነጽሩን ቤት ረስቷል፤ አንዱ እጁን ቁርጥማት ይዞታል፤ አንዱ ስልክ መጣበትና ወጣ። ደብተሩ ከሰው ሰው እየተገፋ ጠረጴዛውን ዞረ። እኔ መስኮቱን አላየሁም። ሣሩ ታጭዶ ሜዳው ባዶ ነበር፣ የምሄድበትም ቦታ አልነበረኝም። እዚያው ነበርኩ፣ እጄ ጉልበቴ ላይ፣ ሁሉም ድምፅ ቅርብ፣ ወንበሩ ሲጢጥ ሲል እንኳ ይሰማኛል።

በመጨረሻ ኦቦ «አምጡት» አሉ። እሳቸው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። መነጽራቸውን ሰክተው፣ ብዕሩን እንደ አንካሴ ጨብጠው፣ «በይ ቀስ ብለሽ» አሉኝ። ቀስ ብዬ ተናገርኩ፤ አንዱን ዐረፍተ ነገር ብዬ እጠብቃለሁ፣ እሳቸው ፊደሉን አንድ በአንድ ያኖራሉ፣ እኔ ሌላውን እላለሁ። እንደዚያ ተጠብቆልኝ ተናግሬ አላውቅም። ስለ ልጅቷ ተናገርኩ፣ ስለ ማሽኑ፣ ስላስተማረቻቸው አለቆቿ፣ ስለ ሰኞ። ስጨርስ ኦቦ ቀና ብለው «ማን አቀረበ ልበል?» አሉ።

«እኔ።»

«አንቺማ ነሽ፣ እያየሁሽ» አሉና ጻፉ። በዚህ ጊዜ ያሳቀ ተረት የለም።

ጸደቀ። ሁለቱም ሴቶች ከእኔ በፊት እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢው ግን ሕግ ሕግ ነው አለ፤ ውሳኔው ወደ ላይ ይላካል፣ ማኅተም ይመታል፣ መጋዘኑ ይጠረጋል፣ ከጤና ጣቢያ መጥተው ያዩታል። ስንት ጊዜ አልኩት። «ቢፈጥን ስድስት ሳምንት።» በጥቅምት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ በታኅሣሥ ያለቀ ነበር። ይህን እሱ አላለም፣ እኔ ነኝ የቆጠርኩት።

ቅዳሜ የልጅቷ እናት ከወላይታ መጣች፣ እሑድ ጠዋት ሕፃኗን አዝላ ሄደች። ልጅቷ እስከ መናኸሪያ አልሸኘቻቸውም፣ አልችልም አለች። ግቢው በር ላይ ቆማ ሕፃኗን ታያለች፤ ሕፃኗ በአያቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ እኛን ታያለች፣ ማን እንደሚሄድ ያልገባት። ጭጋጉ ሦስት ዕርምጃ ላይ ዋጣቸው። ሰኞ ልጅቷ ሥራ ገባች። ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ የሥራ ልብሷን ደረቱን እያጠበች ታሰጣለች፣ ወተቱ ይፈስባት ስለነበር። መዝሙር አልሰማሁም።

ክፍሉ ሚያዝያ ላይ ተከፈተ። ቢጫ ቀለም ተቀባ፣ ስፖንጅ ፍራሽ ገባለት፣ መጀመሪያ ቀን አምስት ሕፃናት መጡ። በማግሥቱ ማለዳ፣ ሰርቪስ ሳይመጣ፣ ልጅቷ «ላየው» አለችኝና አብረን ሄድን። በሩ ላይ ቆማ ውስጡን ረጅም ጊዜ አየችው፣ አልገባችም። «ፀሐይ ያገኛል» አለች። ልጇን እንድታመጣት ነገርኳት። «አሁን ከእናቴ እቅፍ ሲያወጧት ታለቅሳለች አሉኝ። ክረምቱ ይውጣና እናያለን» አለች።

ወደ ዋናው መንገድ ወጥተን ቆምን። እሷ መንገዱን እያየች «ያኔ እነዚያ ሰዎች ባይክዱ ኖሮ» አለች።

ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ። «አልካዱም» አልኳት። «ማንም አልካደም። ቃለ ጉባኤው ላይ አልተጻፈም ነበር።»

«ማነው ያልጻፈው?»

«እኔ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀብሩን፣ ማስመሪያውን፣ የራሴን ሐሳብ በራሴ እጅ መጻፍ እንዳሳፈረኝ፣ ሰዎቹን ስትወቅስ ዝም እንዳልኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እንድትጮኽብኝ ጠበቅሁ፣ ፈለግሁም። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም ብሆን አልጽፈውም ነበር፣ እትዬ» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰርቪሱ መብራቱን አብርቶ መጣ፣ ተሳፈረች፣ እኔም ወደ ሥራዬ ሄድኩ።